የሁለት ሰው ሂሳብ

አሰላ መናኸሪያ፣ ወደ በቆጂ በሚጭን ሚኒባስ አጠገብ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን ንግግር ሳይሰማ አይቀርም። ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፤ ተሳፋሪው ተራ በተራ ይገባል። ሰውነታቸው ሞላ ያለ አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ሲያነሱ፣ «ማዘር፣ እርስዎ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት» ይላቸዋል። ከውስጥ አንድ ሁለት ሰው ይስቃል። እናት ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ተቀይመው ይመለሳሉ፣ ወይም እንዳልሰማ ሆነው ይገቡና ጭቅጭቁ እስከ ሳጉሬ ይዘልቃል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ተራ የመንገድ ጭቅጭቅ ይመስላል። ነገር ግን የሰው ሐቅ አለበት፤ የሰው ክብርም አለበት። ለመሆኑ ወፍራም ሰው የሁለት ወንበር እንዲከፍል ማስገደድ ፍትሕ ነው ወይስ በደል? ጥያቄው የመናኸሪያችን ብቻ አይደለም፤ የዓለም አየር መንገዶችንም ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። እንግዲህ ከሰማዩ እንጀምርና ወደ መሬት እንውረድ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የነበሩት ሲ-47 አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ነበሩ። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው ደግሞ መሀል ላይ ይጫናል። በአግዳሚ ላይ ወፍራሙም ቀጭኑም የሚበቃውን ያህል ቦታ ይይዛል። ክርክሩ የመጣው ወንበሩ አንድ በአንድ ተለይቶ የክንድ ማሳረፊያ ከተበጀለት ወዲህ ነው። ዛሬ በአብዛኛው አውሮፕላን፣ በርካሹ ክፍል፣ በሁለቱ ማሳረፊያዎች መሀል ያለው ስፋት ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ከዚህ ልክ ያለፈ ሰው ጎረቤቱ የገዛው ቦታ ላይ ይደርሳል። ጎረቤቱም ከፍሏል። ሁለቱም ባለ ሐቅ ናቸው፤ ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ማሳረፊያውን ወሰን አድርጎ፣ ከዚያ የሚያልፍ ተሳፋሪ ሁለተኛ ወንበር እንዲይዝ የሚጠይቅ ደንብ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ከጉዞው በኋላ የሁለተኛውን ወንበር ገንዘብ ይመልስ ስለነበር ብዙ ወፍራም ተሳፋሪዎች ይመርጡት ነበር። ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ገንዘቡ እንዲመለስ ከተቀመጡት ግዴታዎች አንዱ አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞ መነሣቱ ነው። ካናዳ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። የአገሪቱ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ.፣ በአካል ጉዳት ወይም ከአካል ጉዳት በሚቆጠር ውፍረት ምክንያት ሁለት ወንበር የሚያስፈልገው ሰው በአገር ውስጥ በረራ የአንድ ብቻ እንዲከፍል ወሰነ። አየር መንገዶቹ ይግባኝ ሊሉ ሞከሩ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም አለ። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን አስልቶት ነበር። ለሁሉም ተሳፋሪ ቢከፋፈል በኤር ካናዳ ቲኬት ላይ የሚጨምረው 77 የካናዳ ሳንቲም፣ በዌስትጄት ደግሞ 44 ሳንቲም ያህል ነው። በሌላ አነጋገር አንድን ሰው በሕዝብ ፊት ከማሳፈር የሚያድነው ዋጋ አንድ ዶላር እንኳን አልሞላም።

የክብደት ነገር ከወንበር ስፋት የተለየ መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ትንሽ አውሮፕላን ከልክ በላይ ከተጫነ አደጋ ነው። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቻርሎት ከተማ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ 21 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከጥገና ስሕተት ጋር የክብደት ጉዳይም ተነሥቷል፤ የአንድ ተሳፋሪ አማካይ ክብደት ተብሎ ይታሰብ የነበረውም ከዚያ ወዲህ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። የወንበሩ ግን የገንዘብና የክብር ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ በዲናችን ምን አለበት?» ይሉ ይሆናል። ደረሳ ሆኖ ፊቅህ የቀራ ሰው ግን ጉዳዩን ያውቀዋል፤ አውሮፕላኑ በግመል ተተክቶ ነው እንጂ። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ በሰፊው በሚቀራው «ሚንሃጅ» ኪታባቸው፣ በኪራይ (ኢጃራ) ምዕራፍ ውስጥ ስለዚህ አስፍረዋል። ሰው ለመሳፈሪያ እንስሳ ሲከራይ ተሳፋሪው ማን እንደሆነ በዓይን በማየት ወይም በተሟላ ገለጻ መታወቅ አለበት። ምክንያቱም ሰው በክብደት ይለያያል፤ ለአንዱ የሚቀል ጉዞ ለሌላው ከባድ ነው። መቶ ሊጭን ተከራይቶ መቶ አሥር የጫነም የትርፉን ተመጣጣኝ ኪራይ ይከፍላል።

እንግዲህ ባለ ግመሉ የሚጭነውን የማወቅ መብት አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ማወቁ ከውሉ በፊት ነው። ተዋውለው፣ ዕቃ ጭነው፣ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር ብሎ «ለካስ ወፍራም ነህ» ማለት የለም። ስለዚህ በእኔ አመለካከት አንድ አየር መንገድ ቲኬት ሲሸጥ የወንበሩን ስፋት በግልጽ ተናግሮ፣ ሁለተኛውን ወንበር በቅድሚያ ቢሸጥና ያንን ወንበር ለሌላ ባይሰጥ በዳይ ልንለው አንችልም። የካናዳው መንገድ ከዚህ ይሻላል። ከሁሉም የከፋው ቲኬት ሸጦ ዝም ብሎ፣ በመግቢያው በር ላይ ሰውን በዓይኑ የሚመዝነው ነው።

አሁን ወደ በቆጂው ሚኒባስ እንመለስ። አስተማሪ ነኝና አንድ ቀላል ሂሳብ ለመሥራት ይፈቀድልኝ።

የመቀመጫው አንድ ረድፍ ለ3 ሰው ነው። መኪናው መናኸሪያውን ሲለቅ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ ከተማውን ካለፈ በኋላ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይጀመርና በዚያው ረድፍ 4 ሰው ይሆናል። ትራፊክ ፖሊስ ሊኖር ይችላል በተባለበት ቦታ ትርፉ ሰው ጎንበስ ይላል። አሁን እኒያ እናት የሁለት ሰው ከፍለው ከሌሎች ሁለት ተሳፋሪዎች ጋር ተቀመጡ እንበል። በረድፉ 3 ሰው አለ፤ ረዳቱ የሰበሰበው ግን የ4 ሰው ሂሳብ ነው። ታዲያ አራተኛው ሂሳብ የማን ነው? ለ3 ሰው በተሠራ መቀመጫ ላይ 3 ሰው ነው የተቀመጠው። ለእናት የተሰጣቸው ሁለተኛ ወንበር የለም። የከፈሉት ረዳቱ በመንገድ ላይ ሊጠቀጥቀው አስቦ ላልቻለው ትርፍ ሰው ነው። ደንብ ቢጥስ ያገኝ የነበረውን ገንዘብ ደንብ እንዳይጥስ ካገዱት ሴት ይቀበላል ማለት ነው።

ስለዚህ ያ አጠገባቸው ተጣብቆ የተቀመጠው ቀጭን ልጅ የሚያጉረመርመው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። ቦታውን የወሰደበት መኪናው እንጂ ጎረቤቱ አይደሉም። በአርሲ ደጋ ብርድ፣ በሐምሌ ወር፣ በጋቢ ላይ ካፖርት ደርቦ የተሳፈረ ቀጭን ሰውም እኮ ከማንም ያላነሰ ቦታ ይይዛል፤ «ካፖርትህን ክፈል» የተባለ ግን አልሰማሁም። ትከሻው በር የሚያክል ጎልማሳም አይጠየቅም። የሚጠየቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ለምን ቢባል ስለሚያፍሩና ስለማይከራከሩ ነው።

«መጠጋጋት እኮ ዲናችን ያዘዘው ነው» ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። እውነት ነው፤ በሱረቱል ሙጃደላ ውስጥ በመቀማመጫ ስፍራ ለሌላው ቦታ እንድንለቅ ታዘናል። ነገር ግን ቦታ መልቀቅ የተቀማጩ ስጦታ ነው፤ ረዳቱ እየሸነሸነ የሚሸጠው ሸቀጥ አይደለም። አዛውንት ሲገቡ እንጠጋ፤ ለኪሱ ሲል ጠጋ በሉ ለሚለው ግን ግዴታ የለብንም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ እህቶቻችን ቀጭን ሆነው ሳለ፣ ከማያውቁት ወንድ ጋር ጭን ለጭን ተጣብቆ መሄዱ ስለሚከብዳቸው በገዛ ፈቃዳቸው የሁለት ሰው ይከፍላሉ። ይህ መብታቸው ነው። ግን ሳጉሬ ላይ ሌላ ተሳፋሪ ይገባና በከፈሉበት ቦታ ይቀመጣል። ረዳቱን ሲጠይቁት «ለአጭር ቦታ ነው» ይላል። ይህ አንድን ዕቃ ለሁለት ሰው መሸጥ ነው፤ ስሙን ማሳመር አያስፈልግም።

ሁላችንም የሁለት ሰው የከፈልንበት ጊዜ እንደነበረ ታስታውሱ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሕዝብ ማመላለሻዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑና ታሪፉ እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ከብዶን ነበር፤ በተለይ ለደሃው። ነገር ግን ደንቡ አስቀድሞ ተነገረ፣ ለሁሉም እኩል ሆነ፤ በዚያ ሰሞን ስለ ሰውነቱ ግዝፈት ተስቆበት ከመኪና የወረደ ሰው አላየሁም። ችግሩ የገንዘቡ መጠን ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ሰውነትን በተመለከተ የእኛ ኅብረተሰብ ሁለት ምላስ አለው። ሰርግ ቤት ላይ «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ያልናትን ሴት መናኸሪያ ላይ እንስቅባታለን። ውፍረት ሁሉ ከማብዛት የመጣ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚቀር አለ፣ ከታይሮይድ እጢ ሕመም የሚመጣ አለ፣ እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ። ረዳቱ የሐኪም ወረቀት አያነብም፤ ማንበብም የለበትም።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሰውዳ ቢንት ዘምዓ ሰውነታቸው ከባድ፣ እርምጃቸውም ዝግ ያለ ነበር። በሐጅ ወቅት፣ በሙዝደሊፋ ሌሊት፣ ሰው ከመጋፋቱ በፊት ቀድመው ለመሄድ ፈቃድ ጠየቁ፤ ነቢዩም ፈቀዱላቸው። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የተደረገላቸው ቀላል ነገር ነው፤ ትንሽ ቀደም ብሎ መውጣት ብቻ።

ዘንድሮ ወይም በመጪዎቹ ዓመታት እናት አባታቸውን ለሐጅ ወይም ለዑምራ ለሚሸኙ ቤተሰቦች ጥቂት ጠቃሚ ነገሮችን ልጨምር። ከአሰላ ወደ ቦሌ ከመነሣታችሁ በፊት፣ ቲኬቱ ሲገዛ፣ ወላጃችሁ ሰፋ ያለ ቦታ እንደሚያስፈልጋቸው ተናገሩና ደንቡን ጠይቁ። የወንበሩ ቀበቶ ካልደረሰላቸው ማራዘሚያ ቀበቶ አለ፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። አስተናጋጇን ገና ሲገቡ በዝግታ መጠየቅ በቂ ነው፤ ብዙ እናቶች ይህን ስለማያውቁ ቀበቶውን በሻሽ ሸፍነው ሳያስሩ ይቀመጣሉ፤ አደገኛ ነው።

በሚኒባስ ደግሞ፣ ሁለት ቦታ የምትፈልጉ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ለረዳቱም ለሾፌሩም «ሁለት ቦታ ይዣለሁ» በሉ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰውም ይስማ። በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ካስቀመጠበት የአንዱን ሂሳብ ይመልስላችሁ። ሳትጠይቁ «የሁለት ሰው ክፈሉ» ካላችሁ ግን፣ ታሪፉ የወጣው በሰው ነውና የመናኸሪያውን ተቆጣጣሪ ጥሩት። መኪናው ገና መናኸሪያው ግቢ ውስጥ ሳለ ይሁን፤ በር ከወጣ በኋላ ተቆጣጣሪም የለም።