መድኃኒት ተቀብቶ እከኩ ለምን ተመለሰ?



ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የመጣች አንዲት እናት «ዶክተር፣ ልጄን ሁለቴ ቀባሁት፤ እከኩ ግን ተመልሶ መጣ» አለችኝ።

«የት የት ነው የቀባሽው?»

«የሚያሳክከው ላይ ነዋ!»

ማታ ከማን ጋር እንደሚተኛ ስጠይቃት ከእሷና ከእህቱ ጋር፣ በአንድ ጋቢ። እነሱ ግን አልተቀቡም።

ችግሩ ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከአቀባቡ ነው። እከክ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንቁላል የምትጥል ደቃቅ ተባይ የምታመጣው ሕመም ሲሆን ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ይዛመታል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል 68 ወረዳዎች 379,000 ሰው ላይ ተገኝቶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «እኔን አያሳክከኝም» የሚለውም ተባዩን ይዞ ሊሆን ይችላል።

የፐርሜትሪን 5% ቅባት እንዲህ ይቀባል፦

👉 በቤት ያለ ሁሉ በአንድ ማታ ይቀባ።

👉 ጥፍር ይቆረጥ። ሰውነት ታጥቦ፣ ደርቆና ቀዝቀዝ ብሎ ይሁን። ሌላ ሰው የምትቀቡ ጓንት አድርጉ፤ ከሌለ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

👉 ከአንገት እስከ እግር ጣት ምንም ቦታ አይዘለል፦ የጣቶች መሀል፣ ጥፍር ሥር፣ ብብት፣ እምብርት፣ መቀመጫ፣ ብልት አካባቢ፣ ውስጥ እግር። ለሕፃናት ዓይንና አፍ ሳይነካ ራስና ፊትም ይቀባል። ከ2 ወር በታች ለሆነ ጨቅላ ግን ሐኪም ሳያዝ አትቀቡ።

👉 ከ8 እስከ 14 ሰዓታት ይቆይና ይታጠባል። በመሀል እጅ ከታጠበ እጁ እንደገና ይቀባ።

👉 ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ ብዙ አይቆይም።

👉 ከ7 ቀን በኋላ ሁሉም ይድገም።

ሰልፈርና ቤንዚል ቤንዞኤት አቀባባቸው ስለሚለይ ፋርማሲውን በደንብ ጠይቁ።

ተባዩ ሞቶም ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል በየቀኑ አትቀቡ፤ ቆዳ ይቆጣል። የጎረቤት ቅባትም አትዋሱ፤ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጽሑፉን ለሌሎችም ሼር አድርጉ። መልካም ጤንነት!