በድር ፋይል መጫኛ ውስጥ የተዘጋጀ ፎቶግራፍ ስለ ማስመጣት፤ ከፎገራ ምሳሌ ጋር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በወረታ አካባቢ ከጣና ምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ያያል። ጉማራና ርብ በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የገባው ሩዝ ተስማምቶት በቅሏል። ቁሐር ሚካኤል ሩዝ ከሚያመርቱት ቀበሌዎች አንዱ ነው። እንግዲህ በዚያ ቀበሌ ያሉ ገበሬዎች ሩዛቸውን የሚያስተዋውቁበት የድር ገጽ ቢያዘጋጁ፣ ፎቶግራፍ ማስፈለጉ አይቀርም። ጥያቄው ፎቶግራፉ በምን መንገድ ወደ ገጹ ይገባል የሚለው ነው።

ስቶክ ፎቶ የሚባለው አስቀድሞ ተነሥቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶበት፣ ፈላጊ እንዲወስደው በክምችት የተቀመጠ ፎቶግራፍ ነው። ከክምችቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ የተጀመረውና በ2021 ጌቲ ኢሜጅስ የገዛው አንስፕላሽ ነው። ሰው በተለመደው መንገድ ቢሠራ ፎቶግራፉን ከክምችቱ ወደ ራሱ ስልክ ያወርዳል፤ ቀጥሎም ከስልኩ ወደ ገጹ ይጭነዋል። ፎቶግራፉ 6 ሜጋባይት ቢሆንና መስመሩ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢያስተላልፍ፣ ለማውረድ 48 ሴኮንድ፣ ለመጫን ደግሞ ሌላ 48 ሴኮንድ ይፈጃል። ይህም መስመሩ ሳይቋረጥ ነው።

ማስመጣት የሚባለው አሠራር ይህን ድርብ ጉዞ ያስቀራል። ለምሳሌ አፒ የተባለው፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት የሚችለው የፋይል መጫኛ ፕሮግራም፣ ኮምፓኒየን የሚባል ረዳት ሰርቨር አለው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ቃል ይጽፋል፤ በስልኩ ላይ ትንንሽ ናሙናዎች ብቻ ይታዩታል። ሃያ ናሙናዎች እያንዳንዳቸው 20 ኪሎባይት ቢሆኑ ሁሉም ተደምረው 400 ኪሎባይት ናቸው፤ በዚያው መስመር ከ4 ሴኮንድ በታች ይደርሳሉ። ከነዚያ አንዱን ሲመርጥ ከስልኩ የሚወጣው «ይህን አምጣ» የሚል አጭር ትእዛዝ ነው። ዋናውን ፎቶግራፍ ከክምችቱ ተቀብሎ ወደ ገጹ ማስቀመጫ የሚያደርሰው ሰርቨሩ ነው። ወረታ የተቀመጠው ሰው ደካማ መስመር በመካከል አይገባም።

ክምችቱ ፕሮግራሙን የሚያውቅበት ምስጢራዊ ቁልፍ በሰርቨሩ ዘንድ እንጂ በብራውዘሩ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ በብራውዘር ውስጥ ያለውን ማንም ገልጦ ያነባልና። እንዲሁም ሰርቨሩ የተሰጠውን አድራሻ ሁሉ በጭፍን እንዳያመጣ፣ ለፋይሉም መጠን ወሰን እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የአንሺው ስም ነው። የአንስፕላሽ ፈቃድ ስም መጥራትን ግዴታ አያደርግም፤ ነገር ግን ክምችቱን በፕሮግራም በኩል ለሚጠቀሙ የወጣው መመሪያ የአንሺው ስም እንዲጠቀስና ፎቶግራፉ መወሰዱ ለክምችቱ እንዲነገር ይጠይቃል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የሚቆይ የኢኮኖሚ መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ስሙና ፈቃዱ ከፋይሉ ጋር አብረው መጥተው በአንድነት መመዝገብ አለባቸው። ፋይሉ ብቻውን ከመጣ፣ ከዓመት በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አይገኝም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የአሠራሩ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያሳስበናል። ማስመጣት የሚያቀልለው የሌላውን ፎቶግራፍ ነው፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ከማሳው ዳር ቆሞ በስልኩ ያነሣው ግን ያንኑ ደካማ መስመር አልፎ መጫን ግድ ነው። የሰው ሩዝ በ4 ሴኮንድ፣ የራስ ሩዝ በ48 ሴኮንድ ከሆነ፣ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው የትኛውን እንደሚወስድ ግልጥ ነው። ከእስያ ተራራ ላይ በእርከን የተሠራ የሩዝ ማሳ ፎቶግራፍ እጅግ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ፎገራ ግን ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ በሬ የሚያርሰው፣ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የምትሰማራበት፣ ሩዙም ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ የሚሆንበት አገር ነው። ገዢው የሌላውን ማሳ አይቶ የፎገራን ሩዝ ቢገዛ፣ ሻጩ ባይዋሽም ሥዕሉ ዋሽቷል።

በእኛ አስተያየት መፍትሔው ማስመጣትን መተው ሳይሆን የራስንም መንገድ ማቅለል ነው። ፎቶግራፉ ገና በስልኩ ውስጥ ሳለ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል፤ 6 ሜጋባይቱ ወደ ግማሽ ሜጋባይት ቢወርድ በ4 ሴኮንድ ይጫናል፤ ለድር ገጽም አያንስም። ደግሞም ተስ የሚባለው የመጫኛ ደንብ መስመር ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ሳይሆን ከቆመበት ያስቀጥላል። በመጫኛው ገጽ ላይም «ከስልክ አንሣ» የሚለው ቁልፍ ከ«ክምችት ፈልግ» በፊት ቢቀመጥ ይሻላል።

ክምችቱም ቢሆን የውጭ ሰው ብቻ የሚሞላው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ማንም ሰው የራሱን ፎቶግራፍ ከነስሙና ከነፈቃዱ የሚያስገባበት ነው፤ በፕሮግራም በኩል ለመፈለግም ክፍት ነው። ለኮምፓኒየንም አዲስ ምንጭ ጽፎ መጨመር ይቻላል። ስለዚህ ከወረታ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው የርብን ሙላት፣ የሩዙን አረም እያነሡ በትክክለኛው የቦታ ስም ቢያስገቡ፣ በቀጣዩ ዓመት «ፎገራ፣ ሩዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ይኸንኑ ሜዳ ያገኛል፤ በዚያው አጭር ትእዛዝም ያስመጣዋል።