የኢንተርኔት መደብር ለመክፈት የትኛው ሥርዐት ይመረጥ?

ብዙዎቹ ነጋዴዎቻችን ዛሬ ሸቀጣቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ አማካይነት ያስተዋውቃሉ። ደንበኛው ፎቶግራፉን ተመልክቶ ይደውላል፤ በዋጋ ይስማማል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ያስተላልፋል፤ ዕቃውም በሞተር ብስክሌት ይላክለታል። ይህ አሠራር ወጪው ቀላል ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የዕቃው ዐይነት ሲበዛና ገዢው ሲበረክት፣ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ማን እንደ ከፈለ፣ በመጋዘን ስንት እንደ ቀረ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የራስ የሆነ የኢንተርኔት መደብር ማቋቋም ይታሰባል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የየሥርዐቱን ጠባይ መርምሮ ማወቅ ስለሚገባ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለክቡራን አንባብያን እናቀርባለን።

የኪራይ ቤትና የራስ ቤት

የኢንተርኔት መደብር ሥርዐቶች በስም ቢበዙም በጠባይ ሁለት ናቸው። አንደኛው በኪራይ ሱቅ፣ ሁለተኛው በራስ ይዞታ ላይ በሚሠራ ሱቅ ሊመሰል ይችላል።

ከኪራዮቹ መካከል ስሙ የታወቀው ሾፒፋይ ነው። መሥራቾቹ በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ የሚሸጡበት የኢንተርኔት ሱቅ ከፍተው ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው የመደብር ሶፍትዌር ስላላረካቸው የራሳቸውን ሠሩ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሌሎች ነጋዴዎች ማከራየት ጀመሩ። ተከራዩ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል፤ ኩባንያው ኮምፒውተሩን፣ ጥበቃውንና ማሻሻሉን ይችላል። የቴክኒክ ዕውቀት የሌለው ሰው እንኳ በጥቂት ቀን ውስጥ መደብሩን ሊከፍት ይችላል።

በሁለተኛው ወገን ዉኮሜርስ አለ። ይህ በ2003 ዓ.ም. (በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር) በተጀመረው በወርድፕረስ ላይ የሚጨመር ሶፍትዌር ሲሆን የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ማንም እንደ ፈቀደው ሊለውጠው ይችላል። ይሁን እንጂ «ነጻ ነው» ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። መደብሩ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ቦታ ይከራያል፤ ስም ይመዘገባል፤ ሥርዐቱን በየጊዜው የሚያድስና መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ ባለሞያ ይቀጠራል። ሳይታደስ የቈየ መደብር ለሌባ በሩን እንደ ከፈተ ይቈጠራል።

እንደ ማጄንቶ ያሉትም አሉ፤ ነገር ግን የራሱ የፕሮግራም ሠራተኞች ላሉት ትልቅ ድርጅት እንጂ ለመካከለኛ ነጋዴ አይመከሩም።

ከሁሉ በፊት ገንዘቡ በምን ይገባል?

መልኩ ያማረ መደብር ገንዘብ መቀበል ካልቻለ ከግድግዳ ማስታወቂያ አይለይም። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አግኝተው የባንኮችንና የስልክ ገንዘብን ክፍያ ከድረ ገጽ ጋር የሚያገናኙ፣ እንደ ቻፓ ያሉ ድርጅቶችም አሉ። ቻፓ ከዉኮሜርስ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ አዘጋጅቷል።

ሾፒፋይ የራሱን የክፍያ አገልግሎት የሚሰጠው በተመረጡ አገሮች ሲሆን ኢትዮጵያ ከነዚህ አልተቈጠረችም። ስለዚህ የአገራችን ነጋዴ በሌላ መክፈያ መጠቀም ግድ ይሆንበታል፤ ኩባንያውም በሌላ መክፈያ ከሚደረገው ሽያጭ ላይ ከኪራዩ ሌላ በመቶኛ የሚታሰብ ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃል። ከመከራየት በፊት ያገር ውስጡ መክፈያ ከመደብሩ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ እንዳለው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ወጪውን በሒሳብ እንመልከት

ይህ ተጨማሪ ዋጋ ለምሳሌ 2 በመቶ ነው እንበል። በወር 30,000 ብር የሚሸጥ ነጋዴ በወር 600 ብር፣ በዓመት 7,200 ብር ይከፍላል። በዚህ ገንዘብ ባለሞያ መቅጠር ስለማይቻል መከራየት ይሻለዋል። በወር 300,000 ብር የሚሸጠው ግን በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ያወጣል። እንዲህ ያለው ነጋዴ የራሱን መደብር ቢያሠራ ምን ያህል እንደሚፈጅበት ማስላት ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ ኪራዩ የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ የዶላሩ ኪራይ ባይጨምርም በብር ሲታሰብ ሊጨምር ይችላል። አስመጪዎች ይህን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቁታል።

ለገዢው የሚመች መሆኑ

ከውጭ የመጣው የትእዛዝ ቅጽ የጎዳና ስም፣ የቤት ቍጥርና የፖስታ መለያ ቍጥር ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ገዢ ግን አድራሻውን የሚናገረው በክፍለ ከተማ፣ በወረዳና በታወቀ ምልክት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» ወይም «ከነዳጅ ማደያው አጠገብ» ይላል። የፖስታ መለያ ቍጥር ካልጻፍህ አላልፍም የሚል ቅጽ ገዢውን ከደጃፍ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚመረጠው ሥርዐት ቅጹን ለመለወጥ፣ የስልክ ቍጥርን በግዴታ ለመጠየቅና ሁሉንም በአማርኛ ለመጻፍ የሚፈቅድ ይሁን። ገጹም በትንሽ ስልክና በደካማ መሥመር ፈጥኖ እንዲከፈት፣ ፎቶግራፎቹ መጠናቸው ይቀነስ። የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን የሚጨምር መሆኑና አለመሆኑም በግልጽ ይነገር።

የመደብሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከምናውቃቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች አንዱ ድረ ገጹን ለአንድ ወጣት ባለሞያ ሰጥቶ አሠራ። ባለሞያው የመደብሩን ስም በራሱ ኢሜይል አስመዘገበ። በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ የዓመቱ መዋጮ ሳይከፈል ቀረ፤ መደብሩም ተዘጋ። ነጋዴው በሺሕ በሚቈጠር ከረጢት ላይ ያሳተመው አድራሻ ከንቱ ሆነ፤ የደንበኞቹም ስም ዝርዝር አብሮ ጠፋ። ባለሞያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጕዳቱ የመጣው በውሉ ላይ የባለቤትነቱ ነገር ስላልተጻፈ ነው።

ስለዚህ በኪራይም ሆነ በራስ ይዞታ፣ ስሙ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ ካዝና ይቀመጥ፤ የደንበኞችና የትእዛዞች ዝርዝር በየወሩ ተገልብጦ ይያዝ። ተከራዩ ወደ ሌላ ሥርዐት ሊዛወር ቢፈልግ፣ የዕቃና የደንበኛ ዝርዝሩን ይዞ ለመውጣት መቻሉን አስቀድሞ ይጠይቅ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ ለሚደረግ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለ ሰጠ፣ የትእዛዙ መዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የገዢን ስምና ስልክ የሚይዝ ሰው እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የባንክ ካርድ ቍጥርን ግን በመደብሩ ውስጥ ፈጽሞ ማስቀመጥ አይገባም፤ ይህ ፈቃድ ላለው ለክፍያ ድርጅት የሚተው ነው።

ለየነጋዴው የሚስማማው

ባለ ሱቅ የሚሸጠው ሃምሳ ዐይነት ዕቃ ከሆነ፣ ከቴሌግራሙ ሳይለይ በኪራይ መደብር ቢጀምር ይበቃዋል። የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ግን ብዙ ሺሕ ዕቃ ስላለው፣ ገዢው በመለዋወጫው ቍጥር የሚፈልግበትና ከመጋዘን ሒሳቡ ጋር የሚገናኝ መደብር ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የራስ ይዞታ ይመቻል። ቡና በኮንቴይነር የሚልክ ላኪ ዋጋው በውልና በባንክ ሰነድ ስለሚፈጸም፣ የዕቃ መምረጫ ቅርጫት አያስፈልገውም፤ የቡናውን ዐይነት፣ ደረጃና የመኸር ዘመን የሚገልጽ፣ ናሙና ለመጠየቅ የሚያስችል ጥሩ ገጽ ይበቃዋል። የተቈላ ቡና በትንንሽ ከረጢት በውጭ ላሉ ወገኖቻችን የሚሸጠው ግን የውጭ ካርድ የሚቀበል መክፈያና የማጓጓዣ ዋጋ የሚያሰላ ሥርዐት ይሻል።

ማንኛውም ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት ዐሥር ዕቃ ብቻ አስገብቶ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ በስልኩ ገዝቶ፣ ከፍሎና ዕቃውን ተረክቦ እንዲሞክረው ያድርግ። ገንዘቡ ገብቶ በሒሳብ መዝገብ ላይ ካልታየ፣ ሥርዐቱ ምንም ቢመሰገን ሌላ መፈለግ ይሻላል።