ደጅ ሲከፈት እናደርገዋለን ያልነው



በዚህ ዐምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ይጻፋል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ጠያቂ ስለሌለው አንድ ዕዳ ነው። ይኸውም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ደጃችንን ባስዘጋ ጊዜ፣ «ይህ ቀን ይለፍ እንጂ እንዲህ አደርጋለሁ» እያለ ሰው ሁሉ በየቤቱ የገባው ቃል ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለ5 ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዐዋጁም ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብና እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ። እንደ አንዳንድ አገሮች ሰው ከቤቱ ጨርሶ እንዳይወጣ አልተደረገም፤ የዕለት እንጀራውን በዕለት ሥራው የሚያገኝ ሕዝብ ያን ሊችለው አይችልምና። ነገር ግን ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ሰርጉና ማኅበሩ ተዘጋ። ይህም ለእኛ ከደጅ መዘጋት የሚያንስ አልነበረም።

የሚያስደንቀው ሰው በዚያን ጊዜ የናፈቀው ነገር ነው። በቻይና አገር የዉሃን ከተማ ከጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ 76 ቀን ተዘግታ ከረመች። የተከፈተችውም የእኛ ዐዋጅ በታወጀበት በዚያው በመጋቢት 30 ቀን ነበር። በሩ እንደ ተከፈተ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ወደ ባቡር ጣቢያ ጐረፈ፤ ብዙው ከቤተ ሰቡ ወይም ከሥራው ተለይቶ የከረመ ነበርና። በኢጣልያ እገዳው ሚያዝያ 26 ቀን በላላ ጊዜ አስቀድሞ ከተፈቀዱት ነገሮች አንዱ ዘመድን ሄዶ መጠየቅ ነበር። በኒውዚላንድ ጠጕር አስተካካዮች ግንቦት 6 ቀን ገና እኩለ ሌሊት ሲሆን ሱቃቸውን ከፍተው የሚጠብቃቸውን ሰው ያስተናግዱ ጀመር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ወዳጅ ከወዳጁ እንዲተቃቀፍ ግንቦት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ከመንግሥት ፈቃድ ተሰጠ። ለመተቃቀፍ ፈቃድ የሚጠበቅበት ዘመን ይመጣል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል?

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ሰው በጭንቀቱ ጊዜ የተመኘው ሀብት ወይም ሹመት አልነበረም። ዘመዱን ማየት፣ ጠጕሩን መቈረጥ፣ ወዳጁን ማቀፍ ነበር። ትናንት በእጁ ሳለ ከቁም ነገር ያልቈጠረውን ነገር በተከለከለ ጊዜ ዋጋውን ዐወቀ።

የእኛም አገር ናፍቆት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የዚያን ዓመት ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው አሳለፉት። ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ሰላም ይባባል የነበረው ሰው በክርኑ መነካካት ጀመረ። ጎረቤት ተጠራርቶ እስከ በረካ የሚጠጣው ቡና ለአንድ ቤት ብቻ የሚፈላ ሆነ። ከሁሉ የከበደው ግን የለቅሶው ነገር ነው። ድንኳን ሳይተከል፣ ዕድርተኛ ሳይሰበሰብ፣ በጥቂት ሰው የተቀበረው ብዙ ነው። በዐረብ አገር፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም አውሮፕላን በተቋረጠባቸው ጊዜ የእናት የአባታቸውን መርዶ በስልክ ሰምተው ብቻቸውን አለቀሱ። ያን ጊዜ «ሲያልፍ እንመጣለን፤ አብረናችሁም እናለቅሳለን» ያላለ ዘመድ የለም።

እኔ በመምህርነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎቻችን በፈረቃ ተከፍለውና አፋቸውን በጭምብል ሸፍነው በተመለሱ ጊዜ፣ «በሽታው ፈጽሞ ሲጠፋ ምን ለማድረግ ትመኛላችሁ?» የሚል ድርሰት አጻፍኋቸው። ስለ ሽርሽርና ስለ ኳስ ጨዋታ የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። የጻፉም አልጠፉም፤ ይሁን እንጂ አንዱ «የአያቴን ጉልበት ሳልፈራ መሳም» አለ። ሌላይቱ «ምሳዬን ከጓደኞቼ ጋር ከአንድ ዕቃ መብላት» ብላ ጻፈች። አንድ ልጅ ግን የጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «አባቴ ሲሞት ያልመጡት ዘመዶቻችን መጥተው ከእናቴ ጋር እንዲያለቅሱ» የሚል። ያን ወረቀት ባነበብሁ ጊዜ የማርም ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥሁት።

በዚያው ክፍል ደግሞ ምንም ያልጻፉ ነበሩ፤ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሱምና። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የአገራችን ተማሪዎች ቤታቸው ውለዋል። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ቢሰጥም፣ መብራት በሌለበት መንደር ላለ ልጅ ይህ አይደርሰውም። ገሚሱ ወደ ቀን ሥራ ገባ፤ ከሴቶቹም በዚያ መካከል የተዳሩ አሉ። ልጆች የዕረፍት ጊዜን ሲናፍቁ የኖሩ ናቸው፤ ያን ዓመት ግን የደወሉን ድምፅ የናፈቁ ነበሩ፤ ከእነርሱም ሳይሰሙት የቀሩ አሉ።

አሁን ያ ቀን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይነቱ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በበሽታው መሞታቸው የተመዘገበው ከ7 ሺሕ 500 በላይ ናቸው። መጨባበጡ ተመልሷል፣ ሰርጉም ደምቋል፣ ቡናውም በየቤቱ ይፈላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ደስ የሚያሰኘው ቃል በቶሎ ተፈጸመ እንጂ የሚከብደው ቃል እንደ ተንጠለጠለ ነው። ያ ለቅሶ ያልተደረሰበት ቤት ዛሬም አለ። «አሁንማ ጊዜው አልፏል፤ ምን ብዬ እሄዳለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ዕዳ ደግሞ በመቈየቱ ይከብዳል እንጂ አይሰረዝም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ የሚያስተምሩን ነገር አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺሕ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቀባሪ ታጣ። በሽታው ካለፈ በኋላ ግን ሕዝቡ ነገሩን እንዲሁ አልተወውም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ግቢውንና ሠፈሩን ጠርጎ፣ ጥራጊውን እያቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ አቈየ። ይህም ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። እነርሱ ጭንቀታቸውን ወደ ሥራ ለወጡት፤ ቀንም ቈረጡለት። የእኛ ዘመን በሽታ ግን ከጭምብሉ ጋር አብሮ የተጣለ ይመስላል።

ስለዚህ ለአንባብያን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አዲስ በዓል አያስፈልገንም፤ ያው ኅዳር 12 ይበቃናል። በዚያ ቀን ግቢያችንን ጠርገን ስናበቃ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ለቅሶ ሳይደርስ የቀረበትን አንድ ቤት ይጐብኝ። ድግስና ሰፊ ንግግር አያሻም፤ «ያን ጊዜ መምጣት ተከልክለን ነበር፤ አልረሳናችሁም» ማለት በቂ ነው። የየዕድሩ ዳኞችም መዝገባቸውን ገልጠው፣ በዚያ ዘመን ያለ ድንኳን የተቀበሩትን አባሎቻቸውን ስም በጉባኤ ቢያነቡ መልካም ነው። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም።

እኛ መምህራን ደግሞ የዚያን ዓመት የስም መጥሪያ እንመልከት። ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ የነበረች ዛሬ ሙሉ ሴት ናት፤ ምናልባትም የልጆች እናት ሆናለች። የማታ ትምህርት ግን ለእንደ እርሷ ያለው የተከፈተ ነው። አንድ መምህር አንዲት ልጅ ፈልጎ፣ ባሏን ወይም አባቷን አነጋግሮ ቢመልስ፣ ያ ትምህርት ቤት ለእርሷ ያን ቀን ተከፈተ ማለት ነው።



ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር