777 ደረጃ፣ ሰባት ጨዋታ፦ ሀምበሪቾን ከትንንሽ ልጆች ጋር

የመስቀል ሰሞን ሲደርስ መናኸሪያው ሁሉ ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ በሚጓዝ ሰው ይሞላል። ለያሆዴ ወደ ሀዲያ፣ ለመሳላ ወደ ከምባታ የሚገባው ቤተሰብ ልብስ፣ ስጦታና ልጆች ይዞ ይወርዳል። እናንተም ከነዚህ ቤተሰቦች አንዱ ከሆናችሁ የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ቀን ከጥጃ ጋር ይሯሯጣሉ፣ በሁለተኛው ቀን የአክስት ልጆችን ይተዋወቃሉ፣ በሦስተኛው ቀን ግን «ስልክህን ስጠኝ» ይጀመራል።

ለዚያ ለሦስተኛው ቀን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ሀምበሪቾ።

ከዱራሜ ብዙም የማይርቀው የሀምበሪቾ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ወደ ላይ በሚያወጡት 777 ደረጃዎቹ ነው። ወጣቶች በእግር ኳስ ማልያ እየሮጡ ይወጡታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ከአራትና ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ግን እንዴት ይወጣል?

እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በተሳሳተ መንገድ ነበር። የአምስት ዓመት ልጄን «ዛሬ ጫፍ ላይ እንወጣለን» ብዬ አስነሳኋት። ሁለት መቶኛው ደረጃ አካባቢ ስትደርስ ተቀመጠች። ለመንኳት፣ ቸኮሌት ቃል ገባሁላት፣ በመጨረሻም ተቆጣኋት። እሷም አለቀሰች። ሥራዬ ገበያ ማፈላለግ ነው፤ ደንበኛው ያልጠየቀውን ዕቃ በግድ መሸጥ እንደማይቻል በየቀኑ የምናገር ሰው ነኝ። ጫፉን የፈለግሁት ግን እኔ ነበርኩ፤ እሷ አልጠየቀችኝም።

ያዳነችን አያቷ ናት። ከኋላችን ቀስ ብላ ደርሳ አጠገቧ ተቀመጠችና ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታች። ቆሎውን አንድ በአንድ በልጅቷ መዳፍ ላይ እያስቀመጠች በከምባትኛ ትቆጥር ጀመር፦ ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ፣ ሾሎ፣ ኦንቶ... ልጄ እንባዋን ጠርጋ ተከተለቻት። ከዚያ ተነሥተው በቆሎው ፋንታ ደረጃውን እየቆጠሩ ሄዱ። ያን ቀን ጫፍ አልደረስንም፤ እየሳቅን ግን ወረድን።

በሌሎች አገሮች ይህንኑ ነገር አስበው የሠሩት መንገድ አለ። በስዊዘርላንድ ሀስሊበርግ በሚባለው ተራራማ ስፍራ ስለ አንድ ድንክ የተጻፈን የልጆች ታሪክ ተከትሎ የተዘጋጀ የእግር መንገድ ይገኛል። ልጆቹ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው እየሄዱ ይንጠላጠላሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ የተደበቀ ነገር ይፈልጋሉ። መንገዱ የሚያልቀው ሳይታወቃቸው ነው።

እኛ የእንጨት ድንክ እስኪቆምልን መጠበቅ የለብንም። 777ን ለሰባት ብታካፍሉት 111 ይመጣል። በከምባታ የአፍ ታሪክም ስለ ሰባቱ የሀምበሪቾ ቤተሰቦች ይነገራል። ስለዚህ በየ111 ደረጃው አንድ ማረፊያ፣ በየማረፊያው አንድ ጨዋታ ይሁን።

አንደኛ ማረፊያ፦ ቆጠራ። ከአንድ እስከ ሰባት በአያት ቋንቋ። ሰባት በከምባትኛ ላመላ፣ በሀዲይኛ ላመራ ነው። ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ያግኙት።

ሁለተኛ፦ ቅጠል። መሬት ላይ ከወደቀው ብቻ ሦስት ዓይነት ቅጠል መሰብሰብ። መቅጠፍ ክልክል ነው።

ሦስተኛ፦ ጆሮ። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍንና ለአንድ ደቂቃ ዝም ይበል። ስንት ድምፅ ሰማችሁ? ወፍ፣ ንፋስ፣ የሩቅ ሞተር?

አራተኛ፦ ምሳ ዕቃ። ቆጮ በአይብ፣ ሙዝ፣ ውሃ። ዓይኑን ጨፍኖ በሽታ ብቻ የለየ ቀድሞ ይበላል።

አምስተኛ፦ እንቆቅልሽ። «ምን አውቅልህ» ከተባለ በኋላ ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ትልልቆቹም ይጫወቱ፤ ልጆች አባታቸው ሲሸነፍ ማየት ይወዳሉ።

ስድስተኛ፦ ተረት። ይህ የአያቶች ድርሻ ነው። አያት ካልመጡ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጠይቃችሁ ተማሩት።

ሰባተኛ፦ ፍለጋ። ወደ ታች እየተመለከቱ የአያትን ቤት አቅጣጫ ማግኘት። በእንሰቱ መካከል ከሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ የትኛው የእኛ ነው?

ጥቂት ጥንቃቄዎችም አሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሹን ትጨርሳላችሁ። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ስላልወጣ ደረጃው ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጫማው የሚይዝ ይሁን። በዚህ ከፍታ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፣ ንፋሱም ይበርዳል፤ ሹራብና ኮፍያ አትርሱ። ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ ስትወርዱ የልጁን እጅ አትልቀቁ። ከሁሉም በላይ ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ልጁ «በቃኝ» ካለ በደረሰበት ማረፊያ ጉዞው ተጠናቀቀ። ሦስተኛው ላይ ቢሆንም እንኳ ሦስት ጨዋታ ተጫውታችኋል።

ዘንድሮ ወደ አገር ቤት መሄድ ካልቻላችሁም ጨዋታው አይቀርም። በአዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ሆነ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የእግር መንገድ አላቸው። ደረጃው ባይኖር በእርምጃ ቁጠሩ።

እኛ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰን ሄድን። ልጄ አምስተኛው ማረፊያ ላይ «በቃኝ» አለች፤ ቃል በገባነው መሠረት እዚያው ተቀምጠን ምሳችንን ጨረስን። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ አያቷና እሷ በስልክ ሲገናኙ «ደህና ነሽ?» ከተባባሉ በኋላ ወሬ ያልቅባቸው ነበር። አሁን ስልኩ ሲደወል ልጄ ከሰላምታ በፊት ከአንድ እስከ ሰባት ትቆጥርላታለች። ባለፈው ሳምንት አያቷ ስምንተኛውን አስተምራታለች።