እንዴት ይሠራል? ውሃ ያደረቀው እጅ

እናቴ ጉርሻ መስጠት የተወችበትን ቀን አላውቅም። ያወቅኩት ከተወች በኋላ ነው። ባለፈው ፋሲካ መሶቡን ከበን ሳለን የልጅ ልጇ አፉን ከፍቶ ሲጠብቃት፣ «አንተ አጉርሰው» ብላኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በኋላ ጓዳ ገብቼ «እማዬ፣ እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። መዳፏ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ተገሽልጧል፤ የጣቶቿ ጫፎች ተሰነጣጥቀዋል፤ በርበሬ የገባበት ስንጥቅ ደም መስሏል። «ሕፃኑ ላይ እንዳይጋባ ብዬ እኮ ነው» አለች። ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር።

በእጅ በሚበላበት፣ አንድ ትሪ ለሁሉም በሚቀርብበት ቤት የሚላላጥ እጅ ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ይከብዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ይህን ነው፦ አብዛኛው የእጅ መላላጥ አይጋባም። ከሚጋቡት ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ፈንገስ ነው፤ እሱም ቢሆን በዋናነት የሚዛመተው በጋራ ፎጣ፣ በጋራ ጫማና በእርጥብ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው። እናቴ ለሦስት ዓመት እጇን የደበቀችው በከንቱ ነበር።

ቆዳ ሲያዩት አንድ ወጥ ሽፋን ይመስላል እንጂ የተገነባ ነገር ነው። የላይኛው ንብርብር የሞቱ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ተደራርበው የቆሙበት ግንብ ነው። ሕዋሳቱን ብሎኬት እንበላቸው። በመካከላቸው ያለው ስብ ሲሚንቶው ነው፤ ውሃ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ሳሙናና ጀርም ከውጭ እንዳይገባ የሚያግደው እሱ ነው። ብሎኬቶቹን እርስ በርስ የሚይዙ ጥቃቅን ማያያዣዎችም አሉ። አዲስ ሕዋስ ከሥር ተወልዶ ወደ ላይ ይገፋል፤ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ላዩ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ኢንዛይሞች ማያያዣውን ይቆርጡለትና ይረግፋል። ሁላችንም በየቀኑ እንላጣለን ማለት ነው። አንድ በአንድ ስለሚረግፍ ግን አይታየንም።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ቆረጣ ሥርዓቱን ሲስት ነው። ኢንዛይሞቹ ለመሥራት ውሃ ይፈልጋሉ። ቆዳው ከደረቀ ማያያዣው ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ሕዋሳቱ እንደተያያዙ ይከማቹና በኋላ በቅርፊት መልክ ይነሣሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ማያያዣው ያለ ጊዜው ይበጠሳል፣ መዳፍ ላይ ውሃ የሌለው ባዶ አረፋ ይነሣል፣ አረፋው ተቀድዶ ጠርዙ ቀለበት እየሠራ ይላጣል። ይህኛው በሙቀትና በላብ ወቅት ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።

መዳፍና ውስጥ እግር ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ቆዳቸው በጣም ወፍራም ቢሆንም የወዝ ዕጢ የላቸውም። ፊታችን ሲወዛ መዳፋችን የማይወዛው ለዚህ ነው። ሌላው ቆዳ የታጠበበትን ቅባት ከራሱ ወዝ ይተካል፤ መዳፍ ይህ የለውም።

አሁን የእናቴን አንድ ቀን እንቁጠር። ማለዳ የትናንት ሰሃን ታጥባለች። ሊጥ ታቦካለች፣ እጇን ትታጠባለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ትታጠባለች። ሳፋ ውስጥ በዱቄት ሳሙና ልብስ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ትጨምቃለች። ወለሉን በበረኪና ትወለውላለች። ቡና ታፈላለች፣ ሲኒ ታጥባለች። ጀርመኖች በሥራ ደኅንነት ደንባቸው በቀን ለ2 ሰዓት ያህል እጅ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ሥራ ቆዳን የሚጎዳ «እርጥብ ሥራ» ብለው መድበውታል። እናቴ እስከ ቀትር ይህን ታልፋለች፤ ማንም ግን ሥራ ብሎ አይቆጥርላትም።

ከድስት ላይ የወጥ ቅባት የሚያነሣ ሳሙና የእጅን ቅባት ለይቶ አይተውም። ሲሚንቶው በታጠብን ቁጥር ይሸረሸራል። ጤናማ ቆዳ በትንሹ ጎምዛዛ ነው፤ ፒኤች የሚባለው ልኩ 5 አካባቢ ይሆናል። የደረቅ ሳሙና ልክ ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ በረኪና ከዚያም ይበልጣል። ውሃውም ራሱ ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለም፤ ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ ሲተን ደግሞ ከራሱ ጋር የቆዳውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። እናቴ «ደረቀብኝ» ባለች ቁጥር እጇን ውሃ ታስነካ ነበር። ያደረቃት ግን ውሃው ነበር።

ሽንኩርቱን ለብቻው ላንሣ። የግራ እጅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት ጫፎች ብቻ የሚሰነጠቁባት ሴት ካለች፣ በየትኛው እጇ ነጭ ሽንኩርት እንደምትይዝ ጠይቋት። ቀኝ እጅ ቢላዋውን ይይዛል፣ ግራው ፍሬውን። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለ ድኝ አዘል ቅመም አንዳንድ ሰውን አለርጂ ያደርጋል፤ ይባስ ብሎ አብዛኛውን ጓንት ዘልቆ ያልፋል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ክሬም መቀያየር አይጠቅምም። ነጭ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ይላጥላት።

ወደ እግር ልምጣ፤ እጁን የሚያሳክከው ሰው ምሥጢሩ ጫማው ውስጥ ሊሆን ይችላልና። የግቢያችን ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቡት ጫማ ተጫምተው ያድራሉ። ሁለቱም ውስጥ እግሮቻቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፤ መሥመር መሥመሩ ነጭ ሆኗል። ከእጃቸው ደግሞ ቀኙ ብቻ ይላላጣል፤ ግራው ደህና ነው። ይህ ሁለት እግርና አንድ እጅ የሚይዝ መልክ በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ የፈንገስ ምልክት ነው። የጭርት ዘመድ የሆነው ፈንገስ የሚኖረው ቆዳና ጥፍር የተሠሩበትን ኬራቲን እየበላ ነው። ከእግር ተነሥቶ፣ እግሩን ወደሚያክከው እጅ ይሻገራል። እጅን ለመመርመር የተቀመጠ ሐኪም ጫማ እንድናወልቅ ካዘዘን ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

እናቴ አዝናላቸው ከራሷ የቅባት ቲዩብ ላይ ሰጠቻቸው። ለእጇ በሐኪም የታዘዘላት ቤታሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ነበር። የእሷን የቆዳ ቁጣ ያበረደው ቅባት የጋሼን ማሳከክ በሦስት ቀን አስተወ፤ በወሩ ግን እግራቸው ላይ የነበረው ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ወጣ። ስቴሮይድ የሰውነትን የመከላከል ቁጣ ያበርዳል። መላላጡ ከቁጣ የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ችፌ ከሆነ፣ መድኃኒት ነው። ከፈንገስ ከሆነ ግን ጠባቂውን አስተኝቶ ለሌባው በሩን እንደ መክፈት ነው፤ መቅላቱ ስለሚጠፋ በኋላ የሚያየው ሐኪምም ይሳሳታል። በየመድኃኒት ቤቱ «የማሳከክ ክሬም ስጡኝ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ይኸው ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል።

መለያው ደግሞ ውድ አይደለም። ከቅርፊቱ ጥቂት በምላጭ ይፋቃል፣ መስተዋት ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል፣ ሕዋሳቱ ሲሟሙ የፈንገሱ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ከቅባት በፊት ይህን መጠየቅ መብታችን ነው። ጋሼ ተመርምረው ፈንገስ ተገኘባቸው። በጣት መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ የተርቢናፊን ክሬም ለአንድና ሁለት ሳምንት፣ ወይም ክሎትሪማዞል ለአራት ሳምንት ይበቃቸው ነበር። የውስጥ እግር ወፍራም ቆዳ ግን ክሬም በደንብ ስለማያሳልፍ የሚዋጥ ታዘዘላቸው። ሁለተኛ ጫማ ገዛንላቸው፤ አንዱ ፀሐይ ላይ ሲውል ሌላውን እንዲጫሙ። ካልሲያቸው በፈላ ውሃ ይታጠባል። እግራቸውን ከታጠቡ በኋላ በየጣታቸው መካከል ያደርቃሉ፤ ለዚህም የራሳቸው ፎጣ አላቸው።

የእናቴ መንገድ ሌላ ነው፤ ረጅምም ነው። ቤታሜታዞኑን በታዘዘላት መሠረት ለጥቂት ሳምንት ተቀባች፤ የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ደካማው ዓይነት ብዙም አይሠራበትም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ግንቡን መልሶ መለሰን ነው። ለዚህ የተሻለ ትምህርት ያገኘሁት የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን ከሚያስተምሩ ነርሶች ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው፣ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው አለርት ለዚህ ሕመም የተሠራ ማዕከል ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ እግር ማላብ ያቆማል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰውየውም አይሰማውም። ታካሚዎቹ የሚማሩት እንዲህ ነው፦ እግርን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ የደነደነውን በእግር ድንጋይ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ውሃው ሙልጭ ብሎ ሳይደርቅ ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባት።

ውሃ ያደርቃል ብዬ መልሼ ዘፍዝፉ ማለቴ የሚጣረስ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ክዳኑ ነው። ቫዝሊን ራሱ እርጥበት አይሰጥም፤ ይዘጋል። አሜሪካዊው ሮበርት ቺዝብሮ በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ይህ የነዳጅ ተረፈ ምርት እስከ ዛሬ ድረስ ውሃን ከቆዳ እንዳይተን በማገድ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ደረቅ እጅ ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚከድነው፤ ታጥበን ደቂቃም ሳይሞላ በእርጥቡ ከተቀባ ግን ውሃውን ይከድናል። ግሊሰሪን ደግሞ ውሃ ይስባል፤ በውሃ አቅጥኖ ከሥር፣ ቫዝሊኑን ከላይ ማድረግ ይቻላል። ለደነደነ ተረከዝ ዩሪያ ያለበት ቅባት አለ፤ 10 በመቶው ያለሰልሳል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያለው ቅርፊቱን ያነሣል፤ የተሰነጠቀ ላይ ግን ያቃጥላል። ሎሚ ግን ይቅር። ጎረቤት ሁሉ ለእናቴ ያዘዘላት ሎሚ ነበር፤ ቁስል ላይ አሲድ ማፍሰስ ነው።

ለእጥበት ጓንት ገዛሁላት፤ ከሥሩ ቀጭን የጥጥ ጓንት ታደርጋለች፣ ላስቲኩ ውስጥ የሚጠራቀም ላብም ያው ውሃ ነውና። ውስጡ ከረጠበ ታወልቃለች።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው አሉ። ጉልበትና ክርን ላይ ወፍራም ቅርፊት፣ ጥፍር ላይ ነጠብጣብ ጎድጓዳ ካለ ሶሪያሲስ ሊሆን ይችላል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ ሽፍታ በድንገት ከወጣ የቂጥኝ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። እግሩ የደነዘዘ ወይም ስሜት የሌለው ንጣት ያለበት ሰው ለሥጋ ደዌ ይታይ፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው። ለቀናት ካተኮሰው በኋላ የጣቱ ጫፍ የሚላጥ ሕፃን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። የስኳር ሕመምተኛ የተረከዙን ቆዳ በምላጭ አይቁረጥ።

የእናቴ መዳፍ በአምስተኛው ሳምንት ለዓይን ዳነ። እሷም ቫዝሊኑን ተወችው። ላዩ ቢጠግግም ግንቡ ተሞልቶ እስኪጠነክር ወራት እንደሚፈጅ ነግሬያት ነበር፤ እጇ ላይ ምንም ሳይታያት ግን እንዴት ትመነኝ። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ አቁሞ የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ፣ ጠቋሚ ጣቷ ላይ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። አሁን አንዱ የቫዝሊን ቆርቆሮ ከቧንቧው አጠገብ፣ ሌላው ከራስጌዋ ነው። ሰሃን አጥባ ስትጨርስ እጇን አራግፋ፣ ሳታደርቅ፣ ጣቷን ቆርቆሮው ውስጥ ትከታለች። አንዳንድ ቀን ትረሳለች፤ ያኔ የልጅ ልጇ ቆርቆሮውን ይዞላት ይመጣል።