መዳፋችን ላይ የሚነበበው ጎመን፦ የቆዳ ካሮቲኖይድ እና ሜታቦሊክ ሲንድረም

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ መዳፏን በብርሃን የሚለካ ማሽን ላይ አድርጋ ‹የካሮቲኖይድ መጠንሽ ዝቅተኛ ነው፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ ተጋላጭ ነሽ› ብለዋት ኪኒን ገዛች። ለእኔም ልትልክልኝ ነው፣ ልውሰደው?» አጭሩ መልስ፦ ኪኒኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ወገባችሁን ተለኩ። ረጅሙ መልስ ግን ደስ የሚል ሳይንስ ስላለው ትንሽ ታገሱኝ።

ካሮቲኖይድ የሚባሉት ለአትክልትና ፍራፍሬ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ መልክ የሚሰጡ የተፈጥሮ ቀለሞች ናቸው። የካሮት፣ የዱባ፣ የማንጎና የፓፓያ መልክ፣ የቲማቲም ቅላት፣ የበርበሬያችን ድምቀት ሁሉ የእነሱ ሥራ ነው። ጎመን ውስጥም በብዛት አሉ፤ አረንጓዴው ቀለም ስለሚሸፍናቸው ነው የማናያቸው። በነገራችን ላይ ቀይ ስር እዚህ ውስጥ የለችበትም። የእሷ ቅላት ከሌላ ዓይነት ቀለም ነው የሚመጣው፣ ብሏት ግን፣ ጥሩ ምግብ ነች።

ሰውነታችን ካሮቲኖይድን ራሱ መሥራት አይችልም። ቆዳችሁ ላይ ያለው በሙሉ በአፋችሁ የገባ ነው። ከምግብ ጋር ከገባ በኋላ በቅባት ሟሙቶ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያ ኮለስትሮልን በሚሸከሙት በእነ ኤልዲኤል እና ኤችዲኤል ላይ ተጭኖ ይዞራል፤ በመጨረሻ ጉበት፣ የስብ ክምችትና ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል። ማሽኑ የሚያነበው ይህን የቆዳውን ክምችት ነው። ካሮቲኖይድ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ መዳፍ ወይም የጣት ጫፍ ላይ ብርሃን ተደርጎ የተመለሰው ይለካል። መዳፍ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት እዚያ ቦታ ላይ ሜላኒን ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጥቁርም ሆነ ነጭ ሰው የውስጥ መዳፉ ፈካ ያለ ነው አይደል? መርፌ የለውም፣ ደም አይቀዳም፣ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል።

ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። የደም ምርመራ ሰሞኑን የበላችሁትን ያሳያል፤ ቆዳ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞላና ቀስ ብሎ ስለሚጎድል ያለፉትን ሳምንታት ነው የሚናገረው። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች «የሦስት ወሩን ስኳር» ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ አስቡት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «አትክልት ትበላለህ?» ሲባል «አዎ በደንብ» ማለት ቀላል ነው። መዳፍ ግን አይዋሽም። ተመራማሪዎች መሣሪያውን የወደዱትም ለዚህ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ካጎሜ የሚባለው የቲማቲም ጭማቂ ድርጅት እንዲህ ዓይነት መለኪያ ሱፐርማርኬት ድረስ አውርዶታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል እንምጣ። ሜታቦሊክ ሲንድረም አንድ በሽታ አይደለም፤ አንድ ላይ መምጣት የሚወዱ አምስት ችግሮች ስብስብ ነው። በ1988 (በፈረንጆቹ) የስታንፎርዱ ሐኪም ጄራልድ ሪቨን «ሲንድረም ኤክስ» ብሎ አስተዋወቀው፣ ስሙና መስፈርቱ በኋላ ተስተካከለ። አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ የወገብ ስፋት ለወንድ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 150 እና ከዚያ በላይ መሆን፤ «ጥሩው ኮለስትሮል» የምንለው ኤችዲኤል ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች መውረድ፤ የደም ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85 መድረስ፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ መሆን። ለአንዱ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ቁጥሩ ቢስተካከልም እንዳለባችሁ ይቆጠራል። ከአምስቱ ሦስቱን ያሟላ ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት እንላለን።

ይህ ነገር የሚያስፈራው ቁጥሮቹ ለየብቻ ሲታዩ ቀላል ስለሚመስሉ ነው። 132 የደም ግፊት ያለው ሰው «ትንሽ ነው» ተብሎ ይሄዳል። 106 ስኳር «ገና ነው» ይባላል። ቦርጭ ደግሞ እኛ ጋ የድሎት ምልክት ነው፣ «ተመችቶሃል» እንባባልበታለን። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን በሚቀጥሉት ዓመታት በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድሉን ወደ አምስት እጥፍ፣ የልብና የደም ሥር በሽታን ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሱታል። ሕመም የለውም፣ ምልክት የለውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሌላ ጉዳይ ሲመረመር ነው።

ታዲያ መዳፍና ወገብ ምን አገናኛቸው? በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1994 በተሰበሰበ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ውስጥ ከ8,000 በላይ አዋቂዎች ደማቸው ታይቶ ነበር። ውጤቱ በ2003 ሲታተም፣ ሜታቦሊክ ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የአብዛኛው ካሮቲኖይድ መጠን ከሌላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቆዳ በብርሃን እየተለካ በአሜሪካም በጃፓንም የተሠሩ ጥናቶች ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይተዋል፦ የመዳፍ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም የመገኘቱ ዕድል ዝቅ ይላል።

እስከዚህ ድረስ የእህታችን ማሽን ውሸት አልተናገረም። ጣጣው ያለው «ስለዚህ» የሚለው ቃል ላይ ነው። «ካሮቲኖይድ ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ ካሮቲኖይድ በኪኒን እንሙላ» ሲባል።

ምክንያቱም ቁጥሩ የሚወርድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ አትክልት የማይበላ ሰው በቦታው ሌላ ነገር ይበላል፣ ብዙ ጊዜ ዳቦ፣ ጥብስ፣ ለስላሳ። ወገቡን የሚያሰፋው የሚበላው ነገር እንጂ የካሮት እጥረት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ይገርማል። ካሮቲኖይድ ቅባት ስለሚወድ ሰውነት ውስጥ ብዙ ስብ ካለ እዚያ ገብቶ ይሰራጫል። ተመሳሳይ ጎመን የበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቦርጫም ሌላው ቀጭን ቢሆኑ፣ የቦርጫሙ ደምና ቆዳ ላይ የሚገኘው ሊያንስ ይችላል። አንድ ማንኪያ ስኳር በስኒ ቡናና በጀበና ሙሉ ቡና እንደማይጣፍጥ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ቦርጭ ውስጥ ያለው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ሰውነትን ቀስ እያለ የሚያቃጥል ብግነት ይፈጥራል፣ ካሮቲኖይድ ደግሞ ይህን መሰል ጉዳት ሲከላከል ራሱ ያልቃል። ሲጋራም እንዲሁ ያሟጥጠዋል። በዚያ ላይ ካሮቲኖይድን ከሚሸከሙት አንዱ ኤችዲኤል በሜታቦሊክ ሲንድረም ጊዜ ይቀንሳል፣ መኪናው ሲያንስ ጭነቱም ያንሳል።

ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር በከፊል የችግሩ ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሊሆን ይችላል። መስታወት ላይ ፊታችሁ የጠቆረ ቢመስላችሁ መስታወቱን አትቀቡትም አይደል?

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፣ በተግባር ተሞክሯል። በአሜሪካ ከ22,000 በላይ ወንድ ሐኪሞች በሁለት ተከፍለው ግማሹ ቤታ ካሮቲን፣ ግማሹ ባዶ ኪኒን ለ12 ዓመት ያህል ወሰዱ። ካንሰር ላይ፣ ልብ ላይ ልዩነት አልመጣም፤ በ1999 የታተመው ክፍል እንዳሳየውም በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አልቀነሰም። የአጫሾቹ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ የሚያጨሱ ወንዶች ላይ በተሠራውና በ1994 በታተመው ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ ጨመረ። የተጀመረው ካንሰርን ይቀንሳል ተብሎ ነበር! ሁለት ዓመት ቆይቶ የታተመው የአሜሪካ ጥናትም፣ አጫሾችና አስቤስቶስ የነካቸው ሠራተኞች ላይ የተሠራው፣ 28 ከመቶ ጭማሪ ስላሳየ ከታቀደለት 21 ወር ቀድሞ ቆመ።

ስለዚህ የምታጨሱ ወይም ለረጅም ጊዜ አጭሳችሁ የተዋችሁ ሰዎች፣ ከውጭ የሚላክላችሁን የቫይታሚን ዕቃ ጀርባውን አንብቡ። «ቤታ ካሮቲን» በከፍተኛ መጠን ካለበት አትጀምሩት። እርጉዞች ደግሞ «ሬቲኖል» የሚለውን ፈልጉ፤ በብዛት የሚወሰድ ሬቲኖል ጽንስን ይጎዳል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በኔትወርክ ማርኬቲንግ የሚሸጠው ነው። አንድ ሰው በወር ብዙ ሺህ ብር ለኪኒን እያወጣ፣ «ይሄ ተፈጥሯዊ ነው» ስለተባለ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሲያቆም አስቡት። መዳፉ ላይ ያለው ቁጥር በኪኒኑ ይጨምራል፣ በደንብ ይጨምራል፣ ሻጩም «አየህ?» ይለዋል። ግፊቱ ግን እዚያው ነው።

ምግቡ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። አትክልት ስትበሉ ካሮቲኖይድ ብቻውን አይገባም፤ ፋይበር፣ ፖታሲየም፣ ውሃ አብሮ ይገባል፣ ሆድ ይሞላል፣ ለእንጀራና ለዳቦ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) አገራችን ውስጥ በተሠራው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት፣ ከ100 አዋቂዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት የሚመከረውን ያህል አይበሉም። «እኛ እኮ ጿሚ ነን» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ግን በያይነቱን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጥሩ ነገሮች ናቸው፣ ካሮቲኖይዱ ግን ጎመኑና ካሮቱ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥግ ላይ እንደ ጌጥ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ጭልፋ ጎመን፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ ብታደርጉትስ?

አበሳሰሉም ቀላል ነው። ካሮቲኖይድ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም፣ ስለዚህ ጎመኑ ትንሽ ዘይት ይፈልጋል፤ ትንሽ ማለቴ ነው፣ የሚዋኝበት አይደለም። የበሰለ ቲማቲምና የበሰለ ካሮት ከጥሬው ይልቅ ቀለማቸውን በቀላሉ ይለቃሉ። ጁስ ቤት የሚሠራው ስፕሪስ አቮካዶው ቅባት፣ ማንጎውና ፓፓያው ካሮቲኖይድ ይሰጣችኋል፤ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ላዩ ላይ የሚፈስሰው ሽሮፕና ስኳር ነው የሚያበላሸው። «ያለ ስኳር» በሉ። ፍሬው በማንኪያ ቢበላ ደግሞ ይመረጣል።

አንዳንዶቻችሁ የካሮት ጁስ በየቀኑ እየጠጣችሁ መዳፋችሁ ብርቱካናማ ሆኖ ደንግጣችሁ ጽፋችሁልኛል። የዓይናችሁ ነጩ ክፍል ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካሮቱ ነው፣ ስትቀንሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን የወፍ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጎመን ከመጨመራችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ያለባችሁ ሁለት ዓይነት ሰዎች አላችሁ። ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ጎመን ደም በሚያረጋው ቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ድንገት ብታበዙት የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። የኩላሊት ሕመምተኞች ደግሞ በፖታሲየሙ ምክንያት።

ማሽኑ አገራችን ውስጥ ባታገኙት ምንም አልጎደለባችሁም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ። ልብስ ሳይኖር፣ ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ላይ፣ አየር አስወጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ (ይታወቃል!) ለኩ። ከ94 ወይም ከ80 ካለፈ ግፊታችሁን በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለኩ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄዳችሁ የባዶ ሆድ ስኳርና የደም ስብ ምርመራ ጠይቁ። ከማታ ጀምሮ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምንም ሳትበሉ ሂዱ፤ ውሃ ይፈቀዳል፣ የጠዋት ቡና ግን ስኳር ባይኖረውም ደሙ እስኪቀዳ ይቆይ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከምርመራው በፊት ስለ አወሳሰዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ውጤቱን ስትቀበሉም አምስቱንም ቁጥር አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩት።